ማስተካከያ፦ የራዲያተር ፋን ማብሪያን በተመለከተ

ባለፈው የራዲያተር ፋን በእጅ ማብራት ለምትፈልጉ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ደግሞ ቀጥታ ወደ ፋኑ ሽቦ ውሰዱ ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። እባካችሁ እንደዚያ አትሥሩ፤ የሠራችሁም ዛሬውኑ ንቀሉት።

ፋን ብዙ ከረንት ይስባል፤ እንደ መኪናው 10 ወይም 20 አምፔር፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም በላይ። ትንሽ ማብሪያ ይህን አትችልም። ትናንት አባይ ማዶ አንድ ወዳጄ በእኔ ምክር ያሠራውን ከዳሽቦርዱ ሥር ስናወጣው ፕላስቲኩ ቀልጦ ሽቦው ላይ ተጣብቋል፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። በጣም ደነገጥኩ።

ትክክለኛው በሪሌ ነው፤ ሪሌ ማለት በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው፣ ቁጥሮቹም እግሮቹ አጠገብ ተጽፈዋል። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ አምጡና የሪሌው 30 ቁጥር ላይ አስገቡ፣ ፊውዙ ግን እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ምክንያቱም ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ ከነካ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው። 87 ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 86 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ፊውዝ ካለው መስመር በማብሪያው በኩል ይምጣ፤ 85 ወደ ቦዲ (ኔጋቲቭ) ይሂድ። እንዲህ ሲሆን በማብሪያው የሚያልፈው 0.2 አምፔር ገደማ ነው።

አንዳንድ መኪና ፋኑን የሚያበራው በኔጋቲቭ በኩል ነው፤ ለዚያ ይህ አሠራር አይሆንም፣ አስቀድማችሁ በቴስተር ለዩ። ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን በራሱ የሚያበራውን አውቶማቲኩንም አትንቀሉ። በሚያዝያ ሙቀት የባሕር ዳር ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ማብሪያውን ብትረሱት ሞተሩን የሚያተርፈው እሱ ነው።