ማስተካከያ፦ የፎርሙላ 1 የውድድር መኪና ተገልብጦ (ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ጣሪያ ላይ) ስለመነዳቱ

ቀደም ሲል «ወደ መንገዱ የሚጫነው የአየር ኃይል ከመኪናው ክብደት ጋር እኩል ከሆነ ተገልብጦ መንዳት ይቻላል» የተባለው ይታረም። እኩል ሲሆን ጎማው ላይ የሚቀረው ጫና ዜሮ ነው፤ ያልተጫነ ጎማ ደግሞ አይገፋም፣ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም። ኃይሉ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ ወደ 1.4 እጥፍ ሲደርስ የክብደቱን እጥፍ ይሆናል። ያኔ ነው ጎማው እንደቆመ መኪና የሚጫነው። ዋናው ጣጣ ግን ሞተሩ ነው፤ ሲገለበጥ ዘይትና ነዳጅ ከመምጠጫቸው ይሸሻሉ።

«ማንም አልሞከረውም» መባሉም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ማክመርትሪ ስፔርሊንግ የተባለው የእንግሊዝ መኪና ተገልብጦ ተነድቷል። መኪናው ኤሌክትሪክ ነው፤ አየሩን ከሥሩ በማራገቢያ ስለሚመጥ፣ ቆሞም ቢሆን 2,000 ኪሎ ያህል ይጫናል።