የ12:30 ጨዋታ፣ የ11:00 ወንበር

እሁድ ከሰዓት ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ «ዛሬ ሐይቅ ዳር ነህ ወይስ ኳስ ቤት?» ማንቼና ሊቨርፑል የሚገናኙ ዕለትማ ጥያቄው ከቁርስ ይጀምራል። አንዱ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ጨዋታ በቲኬት የሚታይበት ኳስ ቤት ይገባል፣ ሌላው ኳሱን ትቶ ፔዳል ይረግጣል፣ ማታ ሲገናኙ ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሯል። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ምርጫው የውሸት መሆኑ ነው። ሁለቱ በሰዓት አይጋጩም። ያጋጫቸው የኳስ ቤቶቻችን ወንበር ነው።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የእሁዱን ትልቅ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በራሱ ሰዓት 16:30 ላይ ያስጀምራል። እንግሊዞች ከማርች የመጨረሻ እሁድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ በእነዚያ ወራት ከእኛ የምንለያየው 2 ሰዓት ነው፤ ጨዋታው ከምሽቱ 12:30 ይጀምራል ማለት ነው። ሰዓታቸውን ሲመልሱ ልዩነቱ 3 ይሆንና 1:30 ይገባል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ኅዳር አካባቢ 12:00 አለፍ ሲል፣ ሐምሌ ላይ ዘግየት ብላ እስከ 12:45 ነው። ከተማችን በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነች ፀሐይዋ የምትወድቀው ፊት ለፊታችን፣ ውሃው ላይ ነው። እሷ ውሃው ላይ ስትወድቅ ተጫዋቾቹ ገና ከመልበሻ ክፍል እየወጡ ነው። ከዚህ በላይ የተመቸ ፕሮግራም ማን ያወጣልናል?

ቅዳሜስ? ቅዳሜ በእነሱ 15:00 የሚጀመሩት ጨዋታዎች ሰዓታቸው ወደፊት በተገፋበት ወቅት በእኛ 11:00 ላይ ይወድቃሉ፤ እነዚህ በእርግጥ ምርጡን ሰዓት ይበላሉ። ግን ትልቅ ጨዋታ እዚያ ሰዓት ላይ ብዙም አይገኝም፣ ምክንያቱም እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከ14:45 እስከ 17:15 ኳስ በቀጥታ ማስተላለፍ የተከለከለ ነው። ቴሌቪዥኖቹ የሚፈልጉት ጨዋታ በእነሱ ሰዓት ወይ ወደ 12:30 ወይ ወደ 17:30 ወይ ወደ እሁድ ይገፋል። የ12:30ው በእኛ 8:30 ወይም 9:30፣ የ17:30ው 1:30 ወይም 2:30 ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜም ቢሆን በ2026 እ.ኤ.አ. ከተለመደው ሰዓት ቀደም ብሎ በእኛ ከምሽቱ 1:00 እንዲጀምር ተደርጓል፤ ያም ከጀንበር በኋላ ነው። ከብስክሌት ጋር የተጣላ ትልቅ ጨዋታ ፈልጋችሁ ብታመጡ በጣት የሚቆጠር ነው።

ፈረንጅ በዚህ ነገር ሲጨነቅ ይገባኛል። ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ልሂድ ወይስ ትልቁን ጨዋታ ልይ ለሚል ሰው ተራራው ሩቅ ነው፣ ወደ ላይ የሚያወጣው ማንሻ ሳይመሽ ይዘጋል፣ ደህናው በረዶ ነገ ላይኖር ይችላል። አንዱን መተው ግድ ነው። (ከእኛ ወገን በስኪ ኦሎምፒክ የደረሰው ሮቤል ተክለማርያም ነው፣ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር (እ.ኤ.አ.)፤ እሱም በረዶ ያለበት ሀገር ሄዶ።) የእኛ ሐይቅ ግን ነገም እዚያው ነው፣ ከቤት 10 ደቂቃ።

«ብስክሌቱ ራሱ ጊዜ ይበላል» ለምትሉ፦ ቅዳሜ ማታ ከተዘጋጀ አይበላም። ከተማዋ ሜዳ ናት። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ዘና ብሎ የሚነዳ ሰው 10:45 ቢነሳ ከፍቅር ሐይቅ አሞራ ገደል ሁለቴ ተመላልሶ፣ ትንፋሹንም ሰብስቦ 12:00 ላይ ፒያሳ ነው። ጊዜ የሚበላው መንገድ ላይ የሚተነፍስ ጎማ ነው፣ እሱም የሚተነፍሰው በስንፍና ነው። 26 በ1.95 ጎማ ለኮብልስቶን ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ ይበቃዋል። 60 ካስገባችሁት ድንጋዩ እጃችሁን ያንቀጠቅጣል፤ ከ30 ካነሰ ደግሞ ከመነዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጡ ላስቲክ) በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ አንዴ ጫን፣ አንዴ ለቀቅ እያለ እንዲሞላው ንገሩት፤ ለመኪና ጎማ የለመደ እጅ የብስክሌትን ጎማ በሰከንዶች ያፈነዳዋል። እሾህ የበሳው ከሆነ ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱት፣ እሾሁ ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። ቀዳዳውን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና 5 ደቂቃ ጠብቁ። እርጥብ እያለ የተለጠፈ ልጥፍ አሞራ ገደል ሳይደርስ ይነሳል።

ደግሞ ከ12:30 በኋላ ሐይቅ ዳር መቆየት ራሱ አይመከርም። ሲጨልም ጉማሬው ለግጦሽ ይወጣል፣ ሸምበቆው አጠገብ በብስክሌት መብራት የሚሽሎኮሎክ ሰው አይወድም። ስለዚህ ጉማሬውም እንኳ ሰዓት አክብሮ ወደ ኳሱ ይሸኛችኋል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ወንበር! የ12:30ን ጨዋታ ተቀምጦ ማየት የፈለገ ሰው 11:00 ላይ ካልገባ ቆሞ ያያል። ለምን ቢባል፣ ከእሱ በፊት የ10:00 ጨዋታ አለ። እሱን ያየው ሰው 11:55 ላይ ሲያልቅ አይነሳም። ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ በረድፎቹ መሃል እየተሽሎከለከለ ከተቀመጠው ሁሉ ለሁለተኛው ጨዋታ ይሰበስባል፣ ከዚያ በር ላይ ለሚመጣውም ይሸጣል። ወንበሩ ሳይጨምር ቲኬቱ ይጨምራል። የ12:00ው ደንበኛ እኩል ከፍሎ ምሰሶ ያቅፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ታዲያ የማይፈልገውን የ10:00 ጨዋታ ገዝቶ ይገባል፣ ወይም አንድ ልጅ ቀድሞ ይልክና ልጁ በአንድ ጃኬት፣ በአንድ ቁልፍና በግማሽ ሚሪንዳ አምስት ወንበር ይይዛል። «ተይዟል!» ማን ያዘው ጃል? «ጋሼ፣ ሰው አለው።» ሰውየው የት ነው? ቤቱ ምሳ ላይ ነው!

ክረምታቸው ሲገባማ ነገሩ ይብሳል። ያኔ ትልቁ ጨዋታ 1:30 ነው፣ ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ገደማ ሆኗታል፣ ሰው ነድቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ገላውን ታጥቦ መድረስ ይችላል። ወንበሩ ግን አሁንም 11:00 ላይ ተይዟል። 2 ሰዓት ከግማሽ ቀድሞ! ጨዋታው ወደ ማታ ሲገፋ ሽሚያው አብሮ አልተገፋም።

መፍትሔው ደብተር ነው። ባለ ኳስ ቤቶች፣ እባካችሁ፣ አንድ የተማሪ ደብተርና አንድ ማርከር። ወንበሩን ከጀርባው ቁጥር ጻፉበት፤ አግዳሚ ከሆነ በየ45 ሳንቲሜትሩ መስመር አስምሩና ቁጥሩን መስመሮቹ መሃል ጻፉ፣ አንድ ሰው ከነጃኬቱ የሚይዘው ያን ያህል ነው። ወረቀቱን ለሁለት ቁረጡት፤ ግማሹ ለደንበኛው፣ ግማሹ ለእናንተ፣ በሁለቱም ላይ የወንበሩ ቁጥርና የጨዋታው ሰዓት ይኑር። የሰዓቱ ነገር ዋናው ነው፤ እሱ ከሌለ የ10:00ው ወረቀት 12:30 ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከጠዋት ጀምራችሁ ሽጡ። ሁለቱንም ማየት የፈለገ ሁለት ወረቀት ይግዛና አይነሳ፣ መብቱ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ 10 ደቂቃ ድረስ ያልመጣ ሰው ወንበሩ ለቆመ ይሰጥ። አለቀ።

«ደንበኛ አስነስቼ ላስወጣ እንዴ?» ይላሉ። ከ11:55 እስከ 12:30 ያለው 35 ደቂቃ ነው። ጠርሙስ ይነሳል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ለአየሩም ይጠቅማል። ደግሞ ገንዘቡን ከጠዋት ትይዛላችሁ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ለስላሳውንም በልኩ ታቀዘቅዛላችሁ። ማን ነው የሚጎዳው? ጃኬቱ ብቻ።

«ቤትህ ሆነህ በስልክ እይ» የሚል መካሪ አይጠፋም። በደህና ጥራት ሲታይ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፣ ጨዋታው ከነዕረፍቱና ከጭማሪው 2 ሰዓት ነው። ይህን ከፍላችሁ እንኳ በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል በዲሽ ከሚመጣው ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይዘገያል። ጎረቤት ኳስ ቤት «ጎ—ል!» ብሎ ሲፈነዳ እናንተ ጋ ኳሱ ገና በረኛው እጅ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሆን ደግሞ መልሱን ይዛችሁ ጥያቄውን ታያላችሁ። «ድጋሚውን እይ» የሚለውስ? ስልክ ዘግታችሁ፣ ጆሮ ደፍናችሁ ብትሄዱ የባጃጅ ሹፌሩ ሳይጠየቅ ውጤቱን ይነግራችኋል። ሐዋሳ ምስጢር የምትይዝ ከተማ አይደለችም።

አሁን ደግሞ 11:00 ላይ ገብቶ፣ ሐይቁን ሠውቶ ወንበር የያዘው ሰው ምን እንደሚያገኝ እንይ። 75ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ጓሮ ነው፣ ገመዱ ሦስት አራቴ ይሳባል፤ ተነስቶም ዲኮደሩ እንደገና ተከፍቶ ምልክት እስኪይዝ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። በዚያ መሃል ጎል ገብቶ ይጠብቃችኋል። ቴሌቪዥኑንና ዲኮደሩን ብቻ፣ ፍሪጁንና ትልቁን ስፒከር ሳይሆን፣ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ላይ ብትሰኩ ሁለቱ አንድ ላይ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚወስዱት፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ይበቃል። ባትሪው ዓመታት ከቆየ ግን ዩፒኤሱ ጮኾ ይሞታል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሞክሩት።

ዝናቡም አለ። ከባድ ዝናብ የዲሹን ምልክት ይውጠዋል፣ ለእሱ ማንንም አልወቅስም። ከ60 ሳንቲሜትር ሳህን ወደ 90 ብትሄዱ የሚሰበስበው ስፋት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ መካከለኛውን ዝናብ ይቋቋማል። ዝናቡ ቆሞ ምስሉ ካልመጣ ግን ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ኤልኤንቢው (ከሳህኑ ፊት ያለው ምልክት ተቀባይ) ጋ ያለው መጋጠሚያ ውሃ ገብቶበታል። ገመዱን አጥብቃችሁ በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ አድርጋችሁ እንደገና አውጡት፤ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ከመግባት እዚያ ጎንበስ ካለበት ላይ ይንጠባጠባል።

(በነገራችን ላይ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ የበላው ሐዋሳ ከተማ የራሳችን ክለብ ነው። ለእሱ ጃኬት አንጥፎ ወንበር የሚይዝ ሰው አላየሁም። ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ነው።)

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ 12:10 ላይ ከሐይቅ በቀጥታ ኳስ ቤት በር ብትደርሱስ? ብስክሌት ማቆሚያ የለም። ሞተር ይቆማል፣ ባጃጅ በሩ ላይ ተጋድሞ ይቆማል፣ ብስክሌት ግን «እዚህ አይቆምም» ይባላል። መብራት እንጨት ላይ ለማሰር ሰንሰለቱ ፍሬሙንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ ይዞ እንጨቱን መዞር አለበት። የፊቱን ጎማ ብቻ ያሰረ ሰው 90ኛው ደቂቃ ላይ ሲወጣ የሚያገኘው የፊቱን ጎማ ብቻ ነው። አሥር ብስክሌት ለማስቆም የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የተበየደ 4 ሜትር ቧንቧ ነው። ቦታ የለም አትበሉን፤ በሩ አጠገብ፣ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ማንም ያላነሳው የባዶ ቢራ ሳጥን ክምር የቆመው የት ሆነና ነው?