ስለ ላጉና ሴካ ሲከራከሩ ጃንሜዳን አሰብኩ

ከሳን ሆዜ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ከምናምን ከተነዳ በኋላ፣ ሞንተሬይ አጠገብ፣ በደረቅ ኮረብታዎች መሀል ላጉና ሴካ የሚባል የእሽቅድምድም ትራክ አለ። ሞተር የሚወድ ሰው ስሙን በደንብ ያውቀዋል። እዚህ ካሊፎርኒያ የሞተር ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር ያ ወሬ ይነሳል፦ ይህ ቦታ ወደፊት ምን ይሆናል? አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ሞተረኞች አሉ። በምሳ ሰዓት በዚህ ጉዳይ ሲነታረኩ ምግባቸው ይቀዘቅዛል።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ስለ አሜሪካ ሳወራ ዘመኑ እንደ ፈረንጆች ነው።) ድሮ በዚያ አካባቢ ውድድር የሚካሄደው ፔብል ቢች በሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ ዛፍ በበዛበት መንገድ ላይ ነበር። በ1956 ኧርኒ ማካፊ የተባለ የመኪና ተወዳዳሪ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ እዚያ መወዳደር ቀረ። የአካባቢው ሰዎች ተባብረው፣ ፎርት ኦርድ ከሚባለው የጦር ሰፈር መሬት ላይ አዲስ ትራክ አሠሩ። በ1957 ተከፈተ። በ1974 መሬቱ ለሞንተሬይ ካውንቲ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር፣ ተላለፈ። ዛሬ የካውንቲው መናፈሻ ነው። ባለቤቱ ሕዝብ ነው ማለት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ።

ትራኩ 3.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አጭር ነው፣ ግን አንድ ቦታ አለችው። ኮርክስክሩ ይሏታል። ሞተሩ ዳገቱን እየጮኸ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ፍሬን ይያዛል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከዚያ ሳይተነፍስ ወደ ቀኝ። በዚያች ጥቂት ርቀት መሬቱ 18 ሜትር ያህል ይወርዳል። ነጂው ለመታጠፍ ሲዘነበል ከፊቱ ያለው መንገድ አይታየውም። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ሞተሩ ጫፉ ላይ ብቅ ይልና ድንገት ይሰወራል። ቀጥሎ የሚታየው ቁልቁለቱ ላይ፣ ጉልበቱን አስፋልት እያስነካ ነው። በቴሌቪዥን ቁልቁለቱ አይታወቅም። እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ግን ልቡ ድንግጥ ይላል።

በ2008 ታዋቂው የሞተር ተወዳዳሪ ቫለንቲኖ ሮሲ ተቀናቃኙን ኬሲ ስቶነርን የቀደመው እዚህች ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ አቧራው ላይ ገባና ሞተሩን እንደምንም አቅንቶ ተመለሰ። በ2013 ደግሞ ማርክ ማርኬዝ ሮሲን ራሱን እዚያው ላይ፣ በዚያው መንገድ ቀደመው። ሞቶ ጂፒ የሚባለው የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና ላጉና ሴካ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ የተሠራው ሰፊ ትራክ ላይ ነው የሚካሄደው። ሌላው የዓለም የሞተር ሻምፒዮና፣ ሱፐርባይክም፣ ከ2019 በኋላ ሄደ። የአሜሪካ የራሷ ሻምፒዮና፣ ሞቶ አሜሪካ፣ ቀረ።

ክርክሩ እንግዲህ ይሄ ነው። አንዱ ወገን ኮረብታው ይቆረጥ፣ ከኩርባዎቹ ውጪ ያለው መሬት ይስፋ፣ ሞቶ ጂፒ ይመለስ ይላል። የወደቀ ነጂ ግድግዳ ሳይነካ የሚንሸራተትበት ቦታ ያስፈልገዋልና ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ሌላው ወገን ደግሞ ቦታውን ቦታ ያደረገው ኮረብታው ነው፣ እሱን ከቆረጣችሁት ምኑ ቀረ ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ሰፊና ሜዳማ ትራክ በዓለም ላይ ሞልቷል። ኮርክስክሩ ግን አንድ ናት።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ጎረቤቶቹ። በትራኩ ዙሪያ፣ በሀይዌይ 68 ግራና ቀኝ፣ ሰው ይኖራል። ለእነሱ ሲባል የድምፅ ገደብ አለ። በብዙዎቹ ቀናት ገደቡ 90 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ከፍተኛ ድምፅ የሚፈቀደው በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ነው። ትራኩ ዳር የድምፅ መለኪያ ያለበት ትንሽ ቤት ቆሟል። ገደቡን ያለፈ ሰው ከትራክ ይወጣል። ስለዚህ ሞተረኞቹ ዘዴ አላቸው። ማርሚታው ላይ የተቆለመመ ቱቦ ይገጥሙና አፉን ከመለኪያው ወደ ሌላ ያዞሩታል። አንዳንዱም እዚያ ሲደርስ ነዳጅ ይቀንሳል፤ አልፎ ሲሄድ እንደገና ይለቀዋል።

በ2023 መጨረሻ ላይ የጎረቤቶች ማኅበር ካውንቲውን ከሰሰ። የትራኩ ሥራ ከተፈቀደለት በላይ ሰፍቷል፣ ድምፁና የመኪናው ጭንቅንቅ በዝቷል ብለው ነው። የሞተር ወዳጁ ጨሰ። «ቤቱን ስትገዙት ትራኩ እዚያው አልነበረም ወይ?» አለ። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ጎረቤትም ጆሮ አለው፤ በሰላም የመተኛት መብት አለው። ክሱ በኋላ በስምምነት አለቀ። በ2024 ካውንቲው የላጉና ሴካ ወዳጆች ከሚባል ለትርፍ ካልቆመ ድርጅት ጋር ትራኩን እንዲያስተዳድር ለ55 ዓመት የሚዘልቅ ውል አጸደቀ። ይህም ክርክሩን አላበረደውም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ መጀመሪያ የሚታደሰው የቱ ነው፣ ሞቶ ጂፒስ? አሁንም ይባላል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአደባባይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብራውን አክት የሚባል ሕግ አለ፤ ከ1953 ጀምሮ ያለ። የካውንቲው ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ ሲኖረው የሚወያይበትን አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ማንም ሰው ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል። ሞተረኛው፣ ጎረቤቱ፣ ሆቴል ያለው፣ ሁሉም እኩል ደቂቃ አለው። ውሉንም ማንም አውጥቶ ያነበዋል።

ይህ ማለት ፍጹም ነው ማለት አይደለም። ስብሰባው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። መጋዘን ውስጥ ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ እንደ ብዙዎቻችን ማለቴ ነው፣ እንዴት ይገኛል? የሚገኘው ጡረታ የወጣና ጠበቃ የሚቀጥር ነው። ትራኩም ቢሆን አጥር አለው። ለትልቁ ውድድር ቲኬት፣ ማቆሚያ፣ ምግብ ሲደመር ልጆች ላለው አባወራ ቀላል ወጪ አይደለም። «የሕዝብ ነው» ሲባል ይህም አብሮ ይታሰብ።

እኔ ያደግሁት ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። የእኛ ሜዳ ጃንሜዳ ነው። የፈረስ ውድድሩ፣ ጉግሱ፣ የገናው ጨዋታ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫው፣ ጥምቀቱ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ኳስ የያዘ ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል። ድንጋይ ጎል ይሆናል። ይህን ላጉና ሴካ አይሰጥም። በዚህ በኩል የእኛ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ተነስቶ ጃንሜዳ ሰፈረ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ሰው ተፋፍጎ ነበር፣ ጊዜውም የጭንቅ ነበር። ግን ሜዳው ለወራት የጎመንና የቲማቲም መጣያ ሆነ። ጭቃው፣ ሽታው፣ የአይሱዙው ግርግር፤ ከሰፈሩ ሰው ጋር በስልክ ሳወራ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስንት ጊዜ ይቆያል? ማን ያጸዳዋል? የት ሄደን እንጠይቅ? መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት የተዛወረው የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ያኔ ሰው መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጥቶ ሜዳውን አጸዳ። ወዳጅ ማለት ያ ነው። ሊያጸዳ የተጠራው ሰው ግን ገበያው ሲገባ አልተጠየቀም።

የሞተሩም ነገር እንደዚሁ ነበር። በሰኔ 2011 አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ታገደ። በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዝቶ ስለነበር ብዙ ሰው ደስ አለው። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ልጅስ? እሱም እንደ ማንኛችንም ውሳኔውን ከዜና ነው የሰማው። ቆይቶ በፈቃድ የሚሠሩ ተፈቀደላቸው። ከእገዳው በፊት አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሞተረኛውና የተዘረፈው ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢናገሩ ኖሮ የተሻለ መላ ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኛ ቦታችንን የምንወደው ከእነሱ ባነሰ አይደለም። ጥምቀት ሲደርስ ዲሲ ያለው፣ ኦክላንድ ያለው፣ ሪያድ ያለው ሁሉ ዓይኑ ጃንሜዳ ላይ ነው። የጎደለን ፍቅሩን ይዘን የምንሄድበት በር ነው። ያ በር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሦስት ቀን በፊት የሚለጠፍ አንድ ወረቀት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚከፈት አንድ አዳራሽ። እሑድ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የሚሠራውም ሰው እንዲመጣ።

ነገ ጃንሜዳን ለማልማት ውል ይፈረማል ቢባል ከእነዚህ ሞተረኞች የተማርኩትን ጥያቄ ይዤ እቀርባለሁ። በዓመት ስንቱ ቀን ለስብሰባና ለንግድ ይሰጣል? ስንቱ ለልጆች ኳስ ይቀራል? አጥር ከታጠረ በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ለፈረሶቹ የሚተወው መሬት የቱ ነው? ድንኳን የተከለ ሰው ቆሻሻውን በስንት ቀን ውስጥ ያነሳል፣ ካላነሳስ ምን ይከፍላል? ውሉስ፣ የሰፈሩ ሰው ከመፈረሙ በፊት ያነበዋል?