የአሜሪካ የውጭ እርዳታ፦ ሩቡ ሳይሆን 1 በመቶ ገደማ

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ከምንከፍላት ታክስ ሩቡን ለውጭ እርዳታ ትበትነዋለች» ያልከው ልክ አይደለም። ብቻህን ግን አይደለህም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን የአሜሪካን ሕዝብ በተለያዩ ዓመታት ሲጠይቅ አማካይ ግምቱ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። እውነቱ ግን ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ 1 በመቶ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በጀት ዓመት ወደ 72 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል። ቀላል ብር አይደለም፤ ግን የዚያ ዓመት ጠቅላላ ወጪ ከ6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ጡረታ፣ ሕክምናና መከላከያ ናቸው።

«ዶላሩን ለመንግሥታት ያሸክሟቸዋል» የምትላትም ብዙ አታስኬድም። አገር ቤት የምናውቀውን እርዳታ አስበው፦ ስንዴው፣ ክኩ፣ ያ የዘይት ጣሳ። አብዛኛው እዚሁ ከአሜሪካ ገበሬና ፋብሪካ የተገዛ ነው። በሕግ ደግሞ ቢያንስ ግማሹ የሚጫነው በአሜሪካ መርከብ ነው፣ ዋጋው ቢወደድም። (ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

ስርቆት የለም አላልኩም። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ ለወራት ያቆመው እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ሌላ ቦታ ሲሄድ ስላገኘው ነው። በዚህ ከተናደድክ አብሬህ እናደዳለሁ።