ሸሁ ቢፈቅዱም ጎረቤት አልፈቀደም

ደሴ ሐኪም አነሳት የሚል ሰው እኛ ሰፈር ቡና አልጠጣም ማለት ነው። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሳይደርስ ጨጓራህ ይመረመራል፣ ጉበትህ ይታያል፣ መድኃኒትህ ይታዘዛል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ።

አጎቴ ጉበቱ ጠባሳ ይዟል፣ ሲሮሲስ የሚሉት። ሐኪሙ "ሆድዎን ረጅም ሰዓት ባዶ አያድርጉ፣ ማታም ሳይተኙ ትንሽ ይቅመሱ" አለው። የተጎዳ ጉበት ስንቅ አይዝም፣ ምግብ ሲጠፋ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል። ስለ ረመዳን ጾሙ ሸሁንም ጠየቀ። ከቁርኣን አል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 184 እና 185 ጠቅሰው፣ የታመመ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፣ ማለትም ያለፉትን ቀኖች ይጾማል፣ መዳኛ የሌለው በየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል አሉት። ፈጣሪ ፈቀደ፣ ሸሁ ፈቀዱ። የቀረው የጎረቤት ፊርማ ነበር።

"ኧረ በሞቴ አያ! ጾም እኮ ለጉበት መድኃኒት ነው" አለችው አንዷ። የእህቷ ባል ጾሞ ድኗል። ከምን እንደዳነ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅን፣ ባለሙያ አይጠየቅም። አሁን አጎቴ፣ የስድሳ ዓመት ሰው፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋና የተቀቀለ ድንች ይበላል። ሳህኑ ድምፅ እንዳያሰማ ድንቹን መዳፉ ላይ ይዞ።

በ2017 ሁዳዴና ረመዳን በሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሲገቡማ እነዚህ ባለውለታዎቻችን እንቅልፍ አጡ። ጨጓራዋ የቆሰለ አንዲት እትዬ አለችን። ነፍስ አባቷ "ጠዋት ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ዋጪ" ብለዋታል። ሰፈሩ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጾማት። ራሷን ሲያማት ደግሞ ከቦርሳቸው ዳይክሎፌናክ አውጥተው ሰጧት፣ በባዶ ሆዷ፣ ያውም ለቁስለኛ ጨጓራ! ደግነት እንዲህ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሌላ ቦታ ቢሆን ጨጓራዋ እየደማ ነው ብለው ይሯሯጡ ነበር። የኛዎቹ ረጋ ብለው "ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው፣ እሰይ" አሏት።

ማታ ደጃፏ ላይ ወደቀችና በባጃጅ ተወሰደች። በማግስቱ ሁሉም ሊጠይቋት ሄዱ፣ መቼም በዚህ አይታሙም። ደም ተሰቅሎላት ተኝታለች። አንዷ የአጃ አጥሚት የያዘውን ፔርሙዝ ከፈተችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣

"አይዞሽ እህቴ፣ ቅቤ የለውም" አለቻት።