«እንዲሁ ብንተወው»፦ የቀያፋ ሸንጎ የፈራው ምን ነበር?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11፣ ኢየሱስ አልዓዛርን ከመቃብር ካስነሣው በኋላ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ሸንጎ ተቀመጡ። ይህ ሰው ብዙ ምልክት እያደረገ ነው፤ እንዲሁ ብንተወው ሁሉም ያምንበታል፤ ሮማውያንም መጥተው አገራችንንና ወገናችንን ይወስዱብናል አሉ። ቁጥር 48 ላይ ነው። ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ማብራሪያ አጭር ነው፦ ቀኑበት። ማቴዎስም ጲላጦስ ይህንኑ እንዳወቀ ስለጻፈ ስሕተት ነው አልልም። እዚያ ላይ ካቆምን ግን ጥቅሱ እኛን የማይነካ የክፉዎች ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ሰዎቹ የፈሩት ነገር በእርግጥ የሚያስፈራ ነበር። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ በተነሣው ዐመፅ የሶርያው ሮማዊ ገዥ ቫረስ 2,000 ያህል ሰዎችን እንደ ሰቀለ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ይነግረናል። ሊቀ ካህናቱ በበዓል የሚለብሰው ልብሰ ተክህኖ ሳይቀር በአንቶንያ ምሽግ በሮማውያን እጅ ይጠበቅ ነበር። ሹመቱም በእነርሱ እጅ ነው። አገረ ገዥው ቫሌሪየስ ግራተስ የቀያፋን አማት ሐናን ሽሮ ሌሎች ሦስት ሊቃነ ካህናትን አከታትሎ ሾመና ሻረ፤ ከዚያ ቀያፋ ተተካ። በእንዲህ ያለ ወንበር ላይ ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ሰው ሮማ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል።

ስለዚህ ስጋታቸውን አላጣጥልም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ስጋቱ ያፈነው ጥያቄ ነው። ተአምሩን ማንም አልካደም፤ በራሳቸው አፍ መስክረዋል። ታዲያ ይህን የሚያደርግ ሰው ማን ነው? ብሎ የጠየቀ ግን አልተጻፈም። የምልክቱን እውነትነት ከመጤፍ ሳይቆጥሩ የተከታዮቹን መብዛት ወንጀል አደረጉት። ያውም ሕዝቡ በግድ ሊያነግሠው ሲል ብቻውን ወደ ተራራ የሸሸ ሰው ነው (ዮሐ. 6፥15)።

ፍርሃቱ የት እንዳደረሳቸው ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ላይ አለ፦ አልዓዛርንም ሊገድሉ ተማከሩ። ይህ ቁጥር ስንት ጊዜ ሲሰበክ ሰምተናል? አልዓዛር ሲያስተምር ወይም ሕዝብ ሲያስከትል አልተጻፈም፤ ጥፋቱ በሕይወት መኖሩ ነው፤ እርሱን አይተው ብዙዎች አምነዋልና። ቀያፋ ሕዝብ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ለሞት የታጩት ሁለት ሆኑ። ለአገር ደኅንነት ተብሎ የተፈቀደ ግድያ ልኩን የሚያበጅለት የለም። ቀያፋን ራሱን እ.ኤ.አ. በ36 ዓ.ም. ገደማ ከሹመቱ ያወረደው ሮማዊ ገዥ ነው። ቤተ መቅደሱም እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. የሮማዊው ጥጦስ ጦር ኢየሩሳሌምን ሲይዝ ተቃጠለ፤ ያ ጦርነት የተነሣው በኢየሱስ ተከታዮች ምክንያት አልነበረም።

በዚህ ጥቅስ አይሁድን በጅምላ መኮነን ግን ትልቅ በደል ነው። ኢየሱስም ሐዋርያቱም አይሁድ ናቸው። ከሸንጎው አባላት አንዱ የአርማትያሱ ዮሴፍ በምክራቸው እንዳልተስማማ ሉቃስ ጽፏል። ኒቆዲሞስም ቀደም ብሎ፣ በምዕራፍ 7፣ ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳል ወይ? ሲል ጠይቋቸው ነበር። ያገኘው መልስ፣ አንተም ከገሊላ ነህ ወይ? የሚል ነው። በምዕራፍ 11 ስብሰባ ላይ ያንን ጥያቄ መልሶ ያነሣ ሰው አልተጠቀሰም።