ከምራቅ የተገኘ ዘመድ

በአራት ኪሎ ሰፈራችን «ምራቁን የዋጠ» ከሚባሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ መሆኔን፣ ራሴን ማመስገን ካልሆነብኝ፣ የእድራችን ዳኛም ይመሰክራሉ። ይህን ስም ለማግኘት ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። ባለፈው ጥር ግን ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣችው የእህቴ ልጅ አንዲት የፕላስቲክ ብልቃጥ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እስከዚህ መስመር ድረስ ትተፋልኛለህ፤ ዘራችንን እናስመረምር» አለችኝ።

ብልቃጧ የምትፈልገው ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እያየው ለሚተፋ ሰው ግን ጋን ነው። በዚያ ላይ ከመትፋት በፊት ለግማሽ ሰዓት መብላትም ሆነ መጠጣት ክልክል ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ አክስቴ አቦሉን ቀድተው ያደሉበት ሰዓት ነበር። ሲኒው ሳይነካ ሲመለስባቸው መጀመሪያ የታመምኩ መሰላቸው፤ ነገሩ ሲገለጽላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምራቅ ትልቅ ሰው ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ የሚልበት ነው። አንተ ደግሞ በፖስታ ለፈረንጅ ትልካለህ? ዘመድ ከፈለግህ እኔን አትጠይቀኝም?»

አክስቴን መጠየቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ቅም አያትና ወደ ምንዥላት እየወጡ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሰባተኛው ቤት ላይ እያንዳንዳችን 128 አያቶች አሉን፤ አክስቴ ሁሉንም ባያውቁም፣ መሬት ከነበራቸው መካከል አንዱንም አልረሱም። ነገሩ ምክንያት አለው። በርስት ዘመን ሰው መሬት የሚጠይቀው መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት መወለዱን፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል፣ ቆጥሮ በማስረዳት ስለነበረ፣ ሐረጉን የማያውቅ ተሟጋች ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆኖ ርስቱ ቢቀርም፣ ቆጠራው በአክስቴ የቀበሌ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ሥራ አልፈታም፤ አሁን የሚያገለግለው ጋብቻ ለማስቀረት ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ ጎን በሚቆጠር የሥጋ ዝምድና ምክንያት ጋብቻን ሲከለክል ከወንድምና ከእህት፣ ከአክስትና ከአጎት አያልፍም፤ አክስቴ ግን ስድስተኛው ቤት ላይ የጋራ አያት እያገኙ ሦስት ጥንድ እጮኛሞችን አለያይተዋል። ከሦስቱ ወንዶች አንዱ እኔ ነኝ።

ውጤቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በዘር የሚዛመዱንን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዞ መጣ። ባሕር ማዶ የሄደ ወገናችን የአባቱን ወይም የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚያስመዘግብ፣ ከበደ የሚባል አያት ያለው ሁሉ «የከበደ ቤተሰብ» ተብሎ በዝርዝሩ ላይ ተሰልፏል። የእህቴ ልጅም ሁሉንም አንድ ቤት አድርጋ ልትጋብዝ ተነሥታ ነበር፤ ፒያሳ ላይ ቆሞ «ከበደ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንት ድግስ እንደሚወድቅበት አላሰበችም። ከስሞቹ አጠገብ መቶኛ ተጽፏል። ሁለት የአጎት ልጆች ከወላጅ ከሚወረሰው የዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ፤ ከዚያ በየቤቱ ለአራት እየተካፈለ ወርዶ፣ ቅም አያት ለሚጋሩ ሰዎች የሚደርሳቸው 0.8 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ቤት ወደ ላይ ሲኬድ ደግሞ ከእውነተኛ ዘመዶች ግማሽ ያህሉ ለምርመራው ጨርሶ አይታዩትም። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ስለ ፈረንጅ ዓይን አዘኑ።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ከተማ ዝምድናን ለማወቅ ከምራቅ የፈጠነ ዘዴ አለ፤ እሱም ሹመት ነው። ለሁለት ዓመት ምክትል የመምሪያ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ በእናቴም በአባቴም በኩል ሰምቼው የማላውቀው ወገን በየሳምንቱ ይገኝልኝ ነበር። ከቦታው ከተነሣሁ በኋላ ለብድር ዋስ ስፈልግ ያ ሁሉ ሐረግ በአንድ ሌሊት ደረቀ።

ወደ ዝርዝሩ ስመለስ፣ 0.8 በመቶ ከተጻፈላቸው መካከል ሲያትል የሚኖር አንድ ወጣት ነበረ። የእህቴ ልጅ መልእክት ተለዋወጠችውና እናቱ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ እንደሚኖሩ ነገራት። ስማቸውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ በእድራችን ስብሰባ ላይ ከአክስቴ ኋላ የሚቀመጡት፣ ከአክስቴ ጋር ግን ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡት ወይዘሮ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዳ ይመስሉኝ ነበር። የምሥራቹን ለማብሰር ሮጬ ሄድኩ።

አክስቴ ከሚለቅሙት ቡና ላይ ቀና እንኳ አላሉም።

«ዘመዴ መሆኗንማ አውቃለሁ» አሉኝ። «በ1998 በአጎትህ ለቅሶ ሳትደርስ ቀርታ በሣልስቱ ተኳኩላ ስትመጣ ነው ከቆጠራው ያወጣኋት።»

ልጁ ለፋሲካ መጥቶ እናቱን ይዞ ቤታችን ሊገባ እንዳሰበ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። አንዲት ድንጋይ ከቡናው ለቅመው ጣሉና፣ «ስንት በመቶ ነው ያልከኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ዜሮ ነጥብ ስምንት።»

«እንግዲያው አቦሉን ጠጥተው ይሂዱ።»